ለወጣት አርቲስቶች ሽልማት አፕላይ ስታደርጉ፦ ከሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁት

አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን የጨረሱ ልጆች፣ አንዳንዴም ገና ሶስተኛ ዓመት ያሉ፣ ይደውሉና "ለውጭ የወጣት አርቲስት ሽልማት እንዴት ነው አፕላይ የሚደረገው?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ቮይስ መላክ ሰለቸኝና ሁሉንም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ማን እንደሚያወራችሁ ለማወቅ ያህል፣ እኔ የምሰራው ከፈረሱ ቤቶች በሚወጣ ቆርቆሮ ነው፣ በተለይ የግቢ በር፣ ያ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም በየበዓሉ በላይ በላዩ የተቀባው። ከጥቂት አመታት በፊት ለወጣቶች የሚሰጥ አንድ የውጭ ሽልማት ላይ ሾርትሊስት፣ ማለትም የተመረጡ እጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባሁ። ዋናውን ሌላ ሰው ወሰደው፣ እኔ ትንሽ ገንዘብና ኤግዚቢሽን ደረሰኝ። ከዛ በኋላ ደሞ የሌላ ሽልማት አዘጋጆች የመጀመሪያውን ዙር ማመልከቻ ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ እንድሆን ጠየቁኝና እሺ አልኩ። የነዚህን የሁለቱን ስም አልጠራም፣ ያነበብነውን ለሰው ላንናገር ፈርመናል። ግን ምን መሰላችሁ፣ ሾርትሊስት መግባቴ ያላስተማረኝን ማንበቡ አስተማረኝ።

አንባቢው ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ። ሰውዬው ላፕቶፑን ከፍቶ ቁጭ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ስም፣ አገር፣ የትውልድ ዘመን፣ ከስሩ በትንንሹ የተደረደሩ ፎቶዎች፣ ከዛ ስቴትመንት፣ ማለትም ስለ ስራችሁ ራሳችሁ የጻፋችሁት አጭር ጽሁፍ፣ ከዛ ሲቪ። ከናንተ በፊት ብዙ ሰው አይቷል፣ ከናንተ በኋላም ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። ስራችሁን አያየውም! ስቱዲዮ አይመጣም፣ ሸራው ጋ ቀርቦ ቀለሙን አይነካም፣ ሽታው አይሸተውም። የሚያየው ፎቶውን ነው። እሱም መጀመሪያ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ነው፣ ያ ትንሹ ምስል ካልያዘው ትልቁን አይከፍተውም። ይሄ ያናድዳል አውቃለሁ፣ እኔም ያናድደኛል፣ ግን አሰራሩ እንደዚ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ሰዓሊ መሆንና ጎበዝ አመልካች መሆን ሁለት የተለያየ ሙያ ነው፣ ሁለተኛው ደሞ በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ነው። እኛ አገር ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚቀረው ሁለተኛው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሽልማቱን አይነት ለዩ። ሁሉም ሽልማት በማመልከቻ አይደለም። ለምሳሌ ኬፕታውን ያለው የኖርቫል ሶቨሪን የአፍሪካ አርት ሽልማት በኖሚኔሽን ነው፣ ማለትም ኩሬተር (ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሰው) ወይ ሌላ ባለሙያ ስማችሁን ካልሰጠ እናንተ ፎርም የምትሞሉበት ቦታ የለም። በ2022 (የሽልማቶቹን አመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመጀመሪያውን የወሰደችው ቦኖሎ ካቩላ የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት ናት። እንዲህ አይነቱን ማሳደድ ጊዜ መጨረስ ነው፣ ሰው ስራችሁን እንዲያውቀው እያረጋችሁ ትጠብቁታላችሁ እንጂ። ሴኔጋል ያለው የዳካር ቢየናሌ፣ ዳካርት የሚባለው ትልቅ የአርት ኤግዚቢሽን፣ ደሞ ሌላ ነው። እዛ በኦፕን ኮል፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ጥሪ፣ ለዋናው ኤግዚቢሽን ታመለክታላችሁ፣ ሽልማቱ ከቀረቡት መሀል ነው የሚሰጠው፣ ለወጣት ብቻም አይደለም። በ2022 ትልቁን የሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎርን ሽልማት የወሰደው የኛው ተገኔ ኩንቢ ነው፣ አለ ተምሮ በርሊን የሚኖረው። እሱን ያላወቀ የአርት ተማሪ ሳገኝ ይገርመኛል፣ የሌላ አገር ሰው ቢሆን ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር።

ማንም ሰው ራሱ ማመልከት የሚችልበት፣ በነጻ፣ በኦንላይን፣ ትልቁ ፊውቸር ጀነሬሽን አርት ፕራይዝ ነው። የዩክሬን ሽልማት ነው፣ ኪየቭ ያለው ፒንቹክ አርት ሴንተር የሚያዘጋጀው፣ በ2009 የተመሰረተ። ከየትኛውም አገር እስከ 35 አመት ያለ አርቲስት ያመለክታል። ዋናው ሽልማት 100 ሺህ ዶላር ነው፣ ከዛ ላይ 60ው በእጅ፣ 40ው ደሞ አዲስ ስራ ለመስራት የሚውል። ከሱ ውጪ ልዩ ሽልማት የሚባል 20 ሺህ ዶላር አለ፣ ለተወሰኑ ሰዎች የሚከፋፈል። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ መራጭ ኮሚቴ የመጣውን ማመልከቻ ሁሉ አይቶ ወደ 20 ገደማ ሰው ያወጣል፣ እነሱ ኪየቭ ላይ ኤግዚቢሽን ያሳያሉ፣ ከዛ አለም አቀፍ ዳኞች ስራውን በአካል አይተው አሸናፊውን ይለያሉ። ማለትም ስራችሁ በአይን የሚታየው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፣ እዛ የሚያደርሳችሁ ደሞ ያ ፎቶና ያ ጽሁፍ ነው። የሚያመለክተው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው፣ ይሄን የምላችሁ እንድትፈሩ ሳይሆን ካልተመረጣችሁ በራሳችሁ ላይ እንዳትፈርዱ ነው።

ያሸነፉትን ተመልከቱ፣ ትምህርት ነው። በ2010 የመጀመሪያዋ ብራዚላዊቷ ሲንቲያ ማርሴል፣ በ2012 ሊኔት ያዶም ቦአኬ፣ እሷ ለንደን የተወለደች የጋና ሰዎች ልጅ ናት፣ ሰዓሊ ናት፣ በዘይት ቀለም ሰው ነው የምትስለው። "ሥዕል ብቻ ከሆነ ኮንቴምፖራሪ አይሉትም፣ ቪዲዮ ወይ ኢንስታሌሽን (ቦታውን ራሱ የስራው አካል አድርጎ የሚተከል ስራ) ካልሆነ አይቀበሉም" ለምትሉኝ ልጆች ይሄው መልሱ። በ2014 አንጎላዊው ናስቲዮ ሞስኪቶና ኮሎምቢያዊው ካርሎስ ሞታ ተካፈሉት፣ በ2017 የደቡብ አፍሪካዋ ዲኔዮ ሴሼ ቦፓፔ፣ አፈርን የመሰለ ነገር ይዛ ነው የምትሰራው። በ2021 የአፍጋኒስታኑ አዚዝ ሀዛራ በቪዲዮ፣ በ2024 ደሞ የባንግላዴሿ አሽፊካ ራህማን። ከየት እንደመጡ አያችሁ? ጦርነት ላይ ያለች አገር በ2024 ኤግዚቢሽኑን ኪየቭ ላይ አሳይታ ሽልማቱን መስጠቷም ራሱ ሌላ ነገር ነው፣ እኛ መብራት ሲጠፋ ፕሮግራም የምንሰርዝ ሰዎች እንዴት እንዳደረጉት እገረማለሁ።

ትልቁን ካየሁ በኋላ ግን ለጀማሪ የምመክረው መካከለኛዎቹን ነው። ሆላንድ ያለው የፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ሲድ አዋርድ የሚባል አለው፣ ገና ስራቸውን ለጀመሩ አርቲስቶች፣ በአመት ለ100 ሰው ለእያንዳንዱ 5 ሺህ ዩሮ ነው። ራሳችሁ ታመለክታላችሁ። 100 ቦታ ማለት ከአንድ ቦታ በጣም ይለያል፣ ሒሳቡን እናንተው ስሩት። የትኛውም ቢሆን ግን ደንቡ በየዙሩ ስለሚነካካ የዛን አመት ጽሁፍ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ እንጂ ጓደኛችሁ ካቻምና የነገራችሁን አትያዙ።

አሁን ወደ ፎርሙ። እድሜ ላይ እኛ አበሾች የራሳችን ጣጣ አለብን። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1982 የተወለደ ሰው በፈረንጁ የ1989 ልጅ ነው፣ ጥር 1982 የተወለደው ግን የ1990 ነው። ዝም ብሎ 8 የሚደምር ሰው አንድ አመት ይሳሳታል። 35 አመት ጠርዝ ላይ ላላችሁ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዱ ሽልማት 35 የሞላውን ይቀበላል፣ አንዳንዱ 35 ያልሞላው ይላል፣ አንዳንዱ በዴድላይኑ ቀን ይቆጥራል፣ ሌላው በሽልማቱ ቀን። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ቀን ነው የሚሰራው፣ እናታችሁ የምትነግራችሁ ቀን አይደለም፣ ምክንያቱም ቢመረጥ የሚጠየቀው ፓስፖርት ነው።

ስምም እንደዛው። ሰርኔም የሚለው ላይ ያባታችሁን ስም ወይ ፓስፖርቱ ሰርኔም ብሎ የጻፈውን ሙሉ፣ እና በሁሉም ፋይል ላይ አንድ አይነት የላቲን አጻጻፍ። ጸጋዬ የሚል ስም ፎርሙ ላይ በአንድ አይነት ስፔሊንግ፣ ሲቪው ላይ በሌላ፣ ኢንስታግራም ላይ ደሞ በሶስተኛ ሲጻፍ አንባቢው ጉግል ሲያደርግ ሶስት ሰው ነው የሚያገኘው። ኋላ ባንክ ላይም ይሄ ነገር ያስቸግራል፣ እመጣበታለሁ።

ፎቶ። እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ ይቅርታ። ለፎቶግራፈር የሚከፈል ብር ካላችሁ ክፈሉ፣ ከሌላችሁ አሁን ያለው ስልክ ይበቃል፣ ብርሀኑን ካወቃችሁበት። ስራውን ወደ ውጭ አውጡት፣ ግን ጸሀይ ላይ አይደለም፣ ጥላ ውስጥ። የአዲስ አበባ የቀትር ጸሀይ ቀለም ይገላል። ምርጡ ብርሀን የክረምት ደመና ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰው ሁሉ በዝናብ ሲማረር እኔ ዝናቡ ጋብ ሲል ስራ አወጣለሁ፣ ሰማዩ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ አምፖል እኩል ያበራላችኋል። ሸራው ከግድግዳው ጋር ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ካሜራው መሀሉ ላይ ትይዩ ይሁን፣ ቀረብ ብላችሁ በሰፊው ሌንስ ካነሳችሁት ጠርዙ ይጣመማል ስለዚህ ራቅ በሉና ዙም አድርጉ። ፍላሽ በፍጹም። አጠገባችሁ ቀይ ግድግዳ ወይ ሰማያዊ ሸራ ድንኳን ካለ ቀለሙ ስራችሁ ላይ ይወድቃል፣ የኔ ቆርቆሮ ደሞ የሚያንጸባርቅ ስለሆነ ከፊት ለፊቱ ጥቁር ጋቢ ወይ ብርድልብስ የሚይዝ ሰው አቆማለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ በዚህ ስራ ተካነ።

ከዛ ክሮፕ ስታደርጉ የስራውን ጠርዝ ብቻ አስቀሩ፣ ወለሉ፣ የአልጋው እግር፣ የጎረቤት ልብስ ማስጫ አይታይ። ኢንስታሌሽን ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ ቦታው መታየት አለበት፣ አንድ ሰው ጎን ቢቆም መጠኑ ይገባል። ለእያንዳንዱ ስራ አንድ ሙሉ ፎቶ፣ ለዋናው ስራ ደሞ አንድ ቀረብ ያለ ዲቴይል። ፎቶ በቴሌግራም ስትላላኩ "ፋይል" አድርጋችሁ ላኩ፣ ፎቶ አድርጋችሁ ከላካችሁት ይጨመቅና ጥራቱ ይሞታል፣ ማመልከቻ ስናነብ ወዲያው ይለያል፣ ደብዛዛ ነው፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። የፋይሉ ስም ደሞ ቁጥር ምናምን ሳይሆን ስማችሁ፣ የስራው ርዕስና አመቱ ይሁን።

ስንት ስራ ይላክ? እስከ 10 ከተባለ 10 መላክ ግዴታ አይደለም። በዛ ንባብ ካየሁት ብዙውን ጊዜ አመልካቹን የጎዳው ስድስተኛው ላይ የገባው የድሮ ስራ ነው። አምስት ጠንካራ ስራ ካሳያችሁ በኋላ የሁለተኛ ዓመት የስቲል ላይፍ (ዕቃ ደርድሮ የመሳል) ልምምድ ሲመጣ አንባቢው "እንዴ፣ የቱ ነው ይሄ ሰው?" ይላል። አንድ ሀሳብ ላይ የቆየ ሰው መምሰል ጥሩ ነው፣ ብትሆኑበት ደሞ የበለጠ። ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት፣ የመጀመሪያዋ ፎቶ ያቺ በትንሹም ብትታይ የምትይዝ ትሁን።

መግለጫው ላይ ርዕስ፣ አመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማቴሪያል፣ መጠን በሴንቲሜትር ከቁመት ተጀምሮ። ማቴሪያሉን በዝርዝር ጻፉ። "ሚክስድ ሚዲያ" የሚል ቃል ምንም አይነግረኝም። የጤፍ ከረጢት ከሆነ የጤፍ ከረጢት በሉ፣ የሊስትሮ ቀለም ከሆነ የሊስትሮ ቀለም በሉ። አንባቢው ቆም የሚለው እንዲህ አይነቱ ላይ ነው። የአማርኛ ርዕስ ካለው ርዕሱን በድምጹ ጻፉትና አጠገቡ ትርጉም አስቀምጡ፣ ለፈረንጅ እንዲመች ብላችሁ አትቀይሩት።

ስቴትመንት። ኡፍ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካነበብኳቸው አብዛኞቹ አንድ ሰው የጻፋቸው ነው የሚመስሉት። "ስራዬ በማንነት፣ በትዝታና በጊዜ መካከል ያለውን ውስብስብ ግንኙነት ይመረምራል።" ይሄን አረፍተ ነገር ከናይሮቢም፣ ከሊማም፣ ከአዲስ አበባም አግኝቼዋለሁ። ስህተት የለውም፣ ግን ማንንም አይገልጽም። አሁን ደሞ ቻትጂፒቲ ሲጨመርበት ሁሉም ያው አንድ ድምጽ ሆኗል፣ ያ ለስላሳ፣ ሶስት ሶስት ቃል የሚደረድር። ለሰዋሰው ማረሚያ ተጠቀሙበት ምንም አይደል፣ ሀሳቡን ግን አታስወልዱት። በተቃራኒው አንዲት ልጅ፣ አገሯን አልናገርም፣ የጀመረችው "አያቴ ዓይነ ስውር ናት፣ የሰራሁትን ሁሉ በእጇ ነው የምታየው፣ ስለዚህ የምሰራው የሚዳሰስ ነገር ነው" በሚል ነበር። ሶስታችን አንባቢዎች ተነጋግረን አናውቅም፣ ሶስታችንም አሳለፍናት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ እንደውም አልጽፍም፣ ስልኬ ላይ እያወራሁ እቀዳለሁ፣ ለጓደኛዬ እንደማስረዳ። ምን አነሳህ፣ ከየት አመጣኸው፣ ምን አደረግከው፣ ለምን ያንን አደረግክ። ለምሳሌ "ካዛንቺስ ሲፈርስ በኪሎ የሚሸጡ የግቢ በሮችን ገዛሁ። ቀለሙን በንብርብር ስፍቀው ቤተሰቡ ለየበዓሉ የቀባው ይወጣል፣ ከአንዱ በር ሰባት ቀለም አገኘሁ። ሰባቱን እንዲታዩ አድርጌ አቆምኩት።" በቃ። ይሄ ውስጥ ማንነት የሚል ቃል የለም፣ ትዝታ የሚል ቃል የለም፣ አንባቢው ግን ራሱ ይደርስበታል፣ ራሱ ስለደረሰበት ደሞ ደስ ይለዋል። ከዛ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው፣ አርት የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል፣ ቁጭ አድርጌ አብረን እንተረጉመዋለን፣ ያልገባውን ሲጠይቀኝ የጎደለው እዛ ላይ ይገኛል። 200 ቃል ከተባለ 200 ቃል፣ ፎርሙ ራሱ ይቆርጠዋል።

ስለ አገራችሁ ችግር መጻፍ ግዴታ አለባችሁ ብላችሁ አታስቡ። ይሄን ደጋግሜ እሰማለሁ፣ "ረሃብና ጦርነት ካልጨመርኩ አይመርጡኝም" የሚል። አንባቢዎች መሀል እንደዛ የሚያስብ የለም አልልም። ግን ከውስጥ ያልመጣ ሀዘን ጽሁፍ ላይ ይታወቃል፣ ከሰው ስራ ጋር አይገጥምም፣ ፎቶው አበባ ሆኖ ጽሁፉ ጦርነት ሲሆን ምን ይባላል? የምትሰሩት ስለ ጸጉር ከሆነ ስለ ጸጉር ጻፉ።

ሲቪ ላይ አጭር ቢሆን አትፈሩ፣ የወጣት ሽልማት ነው፣ አጭር መሆኑ ይጠበቃል። የምርቃት ኤግዚቢሽን ይገባል፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ውስጥ በቡድን ያሳያችሁት ይገባል፣ ጎተ ወይ አሊያንስ (የጀርመንና የፈረንሳይ የባህል ተቋማት) ላይ ያሳያችሁት ይገባል፣ ካፌ ውስጥ የተሰቀለ ግን ካፌ በሉት እንጂ ጋለሪ አትበሉት፣ ሰው ያጣራል። በነገራችን ላይ "ወጣት ምን ታሪክ አለው ይሸለማል" ለሚሉ ትልልቆች የምመልሰው አለኝ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ አፈወርቅ ተክሌን በ1964፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታን በ1965፣ እስክንድር ቦጎሲያንን በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሸልም ሶስቱም 35 አልሞላቸውም ነበር። ዛሬ ቢሆን ፊውቸር ጀነሬሽን ላይ በእድሜያቸው ማመልከት ይችሉ ነበር ማለት ነው። አይዳ ሙሉነህም በ2007 ባማኮ ላይ የአውሮፓ ህብረትን የፎቶግራፍ ሽልማት ስትወስድ ገና በሰላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች።

የድጋፍ ደብዳቤ ከተጠየቀ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። አስተማሪዬ ጋ ስሄድ "ጋሼ፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ" ብዬ ባዶ እጄን አልሄድም፣ የሽልማቱን ደንብ፣ ፎቶዎቼን፣ ስቴትመንቴን ፕሪንት አድርጌ፣ ዴድላይኑን በትልቁ ጽፌ ነው። አንዴ እንዲህ አሉኝ፣ "ልጄ፣ ጎበዝ ነው ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል፣ ምን ሲያደርግ እንዳየሁህ ልጻፍ።" እና ዎርክሾፑ ውስጥ በር ስፍቅ ያዩኝን ጻፉ። ደብዳቤ እንዲህ ነው።

ፕሮፖዛልና በጀት የሚጠይቁ አሉ፣ እንደ ፊውቸር ጀነሬሽን ለአዲስ ስራ ገንዘብ የሚመድቡት ላይ በተለይ ቢመረጡ ወዲያው ያስፈልጋል። ብየዳ፣ እንጨት፣ የረዳት ቀን ክፍያ፣ ማሸጊያ ሳጥን፣ ጭነት፣ ኢንሹራንስ፣ የራሳችሁም ድካም። የራሳችሁን ክፍያ ዜሮ ብላችሁ የምትጽፉ ልጆች እባካችሁ ተዉ፣ ትህትና አይደለም፣ ሒሳቡን የማያውቅ ሰው ያስመስላል።

ስለ ማጭበርበር ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ኢንስታግራም ላይ "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ለአለም አቀፍ ሽልማት ተመርጣችኋል" የሚል መልዕክት ይመጣል፣ ያላመለከታችሁበት! ከዛ ለግድግዳ፣ ለካታሎግ፣ ለሰርተፊኬት ይህን ያህል መቶ ዩሮ ክፈሉ ይላሉ። ይሄ ሽልማት አይደለም፣ ቦታ ማከራየት ነው። አንዳንዱ እውነተኛ ውድድር ትንሽ የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃል፣ ያ ራሱ ክርክር አለው፣ እኔ ግን በኛ ብር ምንዛሪ መክፈል አያዋጣም ባይ ነኝ፣ ነጻ የሆነ ሞልቷል። ለማጣራት ሶስት ነገር እዩ፣ ያለፉ አሸናፊዎች በስም አሉ ወይ፣ እነዛ ሰዎች ራሳቸው ሲቪያቸው ላይ ሽልማቱን ጽፈውታል ወይ፣ ዳኞቹ በስም ታውቀዋል ወይ። ከዛ ደንቡ ውስጥ ስራው የማን እንደሚሆን ፈልጉ። ያሸነፈውን ስራ የሚወስዱ አሉ፣ የፎቶውን መብት ለዘላለም የሚወስዱ አሉ፣ ጨረታ ላይ ሸጠው የሚያካፍሉም አሉ። መጥፎ ነው አልልም፣ ግን እያወቃችሁ ግቡ።

ዴድላይን ሰዓት ላይ ደሞ ሌላው የኛ ነገር። 23፡59 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ከተባለ በክረምታቸው ለኛ ከሌሊቱ 7፡59 ነው፣ በበጋቸው 6፡59። የኪየቭ ሰዓት ከሆነ በበጋቸው ከኛ ጋር እኩል ነው፣ በክረምታቸው ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ይሄን ቀድማችሁ አስሉትና ከዛ እርሱት፣ ምክንያቱም መላክ ያለባችሁ ከሶስት ቀን በፊት ነው። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ የነሱም ሰርቨር በመጨረሻው ማታ ይጨናነቃል። ጽሁፉን መጀመሪያ ስልክ ላይ ወይ ወርድ ላይ ጻፉና ፎርሙ ላይ ለጥፉ፣ ፎርሙ ውስጥ እየጻፉ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁሉም ይሄዳል። ኮንፈርሜሽን ኢሜይል ካልመጣ ገና አልላካችሁም ብላችሁ አስቡ።

ከተመረጣችሁ በኋላ ስራው ይጀምራል እንጂ አያልቅም። ስራ ከአገር ለማውጣት ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከቅርስ ባለስልጣን ያስፈልጋችኋል፣ ፎቶውን፣ መጠኑን፣ የሰራችሁበትን አመት ይዛችሁ ሂዱ፣ በተለይ እንደኔ አሮጌ ነገር ላይ የምትሰሩ ከሆነ አስረዱ፣ የአንድ ግቢ በር ለምን ወደ አውሮፓ እንደሚሄድ ማስረዳት ቀላል አይደለም፣ ደብዳቤው ከአዘጋጆቹ ቢመጣ ይረዳል። ሸራ ከሆነ ከፍሬም አውጥታችሁ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ወፍራም ቱቦ ላይ ጠቅልላችሁ ትይዙታላችሁ። ቪዛ ደሞ ግብዣው በመጣ ቀን ይጀመር፣ የቀጠሮ ወረፋው ረጅም ነው፣ የግብዣ ደብዳቤው ላይ ወጪውን ማን እንደሚችል በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ገንዘቡ። አዘጋጆቹ የባንክ ሒሳብ፣ ስዊፍት ኮድና በሒሳቡ ላይ ያለውን ስም ይጠይቃሉ፣ እዚህ ላይ ነው ያ የስም ስፔሊንግ የሚመጣው፣ ፓስፖርቱና ደብተሩ ካልተመሳሰሉ ገንዘቡ ይመለሳል። በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብዙ ነገር ስለተቀየረ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍታችሁ ማስቀመጥ ትችሉ እንደሆነ ባንካችሁን ገንዘቡ ሳይመጣ በፊት ጠይቁ፣ ከውጭ የምትገዙት ቀለም ወይ የምትከፍሉት ጭነት ካለ ይጠቅማችኋል። የሽልማቱን ደብዳቤ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከየት መጣ ሲሏችሁ ታሳያላችሁ።

ካልተመረጣችሁ ደሞ፣ ብዙዎቹ ምክንያት አይጽፉም፣ አትጠብቁ። ግን አንባቢዎች ሰው ናቸው፣ ስም ይይዛሉ። እኔ ካነበብኩት ውስጥ ያላለፈ አንድ የባህር ዳር ልጅ ነበር፣ በሸምበቆ የሚሰራ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ፈልጌ አገኘሁትና አዲስ አበባ በቡድን ስናሳይ ጠራነው። ሌሎቹም አንባቢዎች እንደዚህ ያደርጋሉ፣ የማታውቁት ኩሬተር በድንገት ኢሜይል ቢጽፍላችሁ ከዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የምትጽፉት ኢሜይል በየቀኑ የምትከፍቱት ይሁን፣ ስፓሙንም እዩ፣ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጣችሁንና ስትመረቁ የሚዘጋውን አትስጡ።